ሞክሼዎቹ ዑለማእ፦ በአማርኛ ኢስላማዊ ድርሳናት ስለ ስሞች አያያዝ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በአማርኛ አንድን ስም የሚጋሩ ሰዎች «ሞክሼ» ይባባላሉ። በዕለት ኑሮ ቃሉ የወዳጅነት መጠሪያ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሞክሼ መሆናቸው ቢበዛ አንዱ ሲጠራ ሌላው ቀና እንዲል ያደርጋል እንጂ የሚያጎድለው ነገር የለም። በዕውቀት መስክ ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንባቢ ስሙን ስላወቀ ሰውየውን ያወቀ ከመሰለው፣ የደካማን ዘጋቢ ቃል እንደ ታማኝ ቃል ሊቀበል፣ የታማኙንም ቃል እንደ ቅጥፈት ሊጥል ይችላል። አንድ ሊቅ ባልያዘው አቋም ይወገዛል፤ ያልጻፈውም መጽሐፍ ይለጠፍበታል።

ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በአማርኛ የሚታተሙ ኢስላማዊ ድርሳናት በርእስም በብዛትም እየሰፉ መጥተዋል። ትርጉሙ፣ የፊቅህ ማብራሪያው፣ የታሪክ ጥናቱ ተበራክቷል። ይህ ሁላችንንም የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ድርሳናት ብዙዎቹ «ኢብኑ ሐጀር እንዳሉት»፣ «ዘይለዒይ እንደ ጠቀሱት»፣ «ኢብኑ ዐረቢይ እንደ ጻፉት» ብለው ያልፋሉ። የትኛው ኢብኑ ሐጀር? የትኛው ዘይለዒይ? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ከመጽሐፉ ውስጥ መልስ አያገኝም። የዚህ ሂስ ዓላማ እገሌ የተባለን ጸሐፊ መንቀፍ ሳይሆን ልማዱን መመርመር ነው። የምንሟገትለትም ሐሳብ አንድ ነው፦ ስም የምርመራ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ቀደምት ሊቃውንት ይህን በተግባር አሳይተውናል፤ አማርኛም ይህን ምርመራ በገጽ ላይ ለማስፈር የሚያስችል መሣሪያ አለው፤ እኛ ግን መሣሪያውን ትተነዋል።

ስሙ አንድ፣ ባለ ስሙ ብዙ

የሐዲሥ ሊቃውንት ለዚህ ችግር ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ አበጅተውለታል። በጽሑፍም በንባብም አንድ ሆነው የተለያዩ ሰዎች የሚጠሩባቸው ስሞች «አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ» ይባላሉ፤ ስሙ የሚገጥም፣ ባለ ስሙ የሚለያይ እንደ ማለት ነው። በጽሑፍ ተመሳስለው በንባብ የሚለያዩት ደግሞ «አል-ሙእተሊፍ ወል-ሙኽተሊፍ» ይባላሉ። በመጀመሪያው ርእስ አል-ኸጢብ አል-በግዳዲይ (392-463 ዓ.ሂ./1002-1071 እ.ኤ.አ.) በዚሁ ስያሜ የሚታወቀውን ሰፊ መጽሐፋቸውን አዘጋጅተዋል። በ643 ዓ.ሂ. (1245 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢብኑስ-ሶላሕም በታወቀው የሐዲሥ ዕውቀት መግቢያቸው ጉዳዩን ከዘርፎቹ መካከል 54ኛ አድርገው መድበውታል።

ኢብኑስ-ሶላሕ ከሰጧቸው ምሳሌዎች የመጀመሪያው አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ የሚል ስም ነው። ይህን ስም ከነአባት ስሙ የሚጋሩ ስድስት ሰዎችን ዘርዝረዋል። አንደኛው የዐረብኛን የግጥም ምጣኔ ሥርዓት የቀመሩት የበስራው የቋንቋ ሊቅ ናቸው። ሌሎቹ አምስቱ ግን በጊዜም በሙያም የተለዩ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ሦስቱ በቅጽል የአባትነት ስም (ኩንያ) እንኳ «አቡ ሰዒድ» ተብለው የሚገጥሙ ሲሆን፣ ከሦስቱም ሁለቱ «አል-ቡስቲይ» ተብለው ወደ አንድ ከተማ ይጠጋሉ። ስም፣ የአባት ስም፣ ኩንያና የትውልድ ከተማ ገጥመው እንኳ ሰዎቹ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይጠብቃል። አሕመድ ኢብኑ ጀዕፈር ኢብኑ ሐምዳን የሚባሉ አራት ሰዎች በአንድ ዘመን ኖረዋል። ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ የአያታቸው ስም አንድ ነው። ይህ አልበቃ ብሎ አራቱም ዐብዱላህ ከሚባል መምህር ዘግበዋል። ከአራቱ አንዱ አል-ቀጢዒይ ናቸው፤ የኢማም አሕመድን ሙስነድ ከልጃቸው ከዐብዱላህ ተቀብለው ለትውልድ ያስተላለፉት እርሳቸው ናቸው። የሌሎቹ ሦስቱ ዐብዱላህ ግን ሌላ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሚለየው የመምህሩ ስም ሳይሆን የመምህሩ አባት ስም ነው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ የስምን መግጠም ሳይሆን በስሙ ዙሪያ ያለውን አካባቢ ይመረምሩ ነበር። ዘጋቢው የየትኛው ትውልድ ነው? በየት ከተማ ኖረ? ከማን ተማረ? ማንስ ከእርሱ ተማረ? ለምሳሌ በሰንሰለት ውስጥ «ዐብዱላህ» ብቻ ተብሎ ሲመጣ፣ ተናጋሪው የመካ ሰው ከሆነ ኢብኑዝ-ዙበይርን፣ የመዲና ሰው ከሆነ ኢብኑ ዑመርን፣ የኩፋ ሰው ከሆነ ኢብኑ መስዑድን፣ የበስራ ሰው ከሆነ ኢብኑ ዐባስን፣ የኹራሳን ሰው ከሆነ ኢብኑል-ሙባረክን ማለቱ እንደሆነ አስተምረዋል። «ሐማድ» ብቻ ሲባልም እንዲሁ ነው። ሐማድ ኢብኑ ዘይድ (በ179 ዓ.ሂ. ያረፉት) እና ሐማድ ኢብኑ ሰለመህ (በ167 ዓ.ሂ. ያረፉት) ሁለቱም የበስራ ሰዎች፣ ዘመነኞችና በርካታ መምህራንን የሚጋሩ ናቸው። ዘጋቢው ሱለይማን ኢብኑ ሐርብ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ሐጃጅ ኢብኑ ሚንሃል ከሆነ ሁለተኛው እንደሚፈለግ ተለይቶ ተመዝግቧል። ልዩነቱ ዋጋ አለው፤ አል-ቡኻሪይ በሶሒሓቸው ኢብኑ ዘይድን በዋና ማስረጃነት ሲጠቀሙ፣ በኢብኑ ሰለመህ ላይ ግን በዚያ መጠን አልተመረኮዙም።

አንድ ስም፣ ሁለት ብይን

ሁለቱ ሞክሼዎች ሁለቱም ታማኝ ሲሆኑ መምታታቱ ብዙ አይጎዳም። ሱፍያን አሥ-ሠውሪይም (161 ዓ.ሂ.) ሆኑ ሱፍያን ኢብኑ ዑየይነህ (198 ዓ.ሂ.)፣ የሐዲሡ ደረጃ አይወርድም። አደጋው የሚመጣው አንዱ ታማኝ፣ ሌላው ደካማ ሲሆን ነው። ለዚህ ከዐብዱልከሪም ጉዳይ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ዐብዱልከሪም ኢብኑ ማሊክ አል-ጀዘሪይ አል-ቡኻሪይና ሙስሊም የተመረኮዙባቸው ታማኝ ዘጋቢ ናቸው። ዐብዱልከሪም ኢብኑ አቢል-ሙኻሪቅ ደግሞ ሊቃውንት ደካማ ያሏቸው ዘጋቢ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ዘመን ኖረው በ127 ዓ.ሂ. አካባቢ፣ በተቀራረበ ጊዜ አርፈዋል። ሁለቱም ከሰዒድ ኢብኑ ጁበይርና ከሙጃሂድ ዘግበዋል፤ ከሁለቱም ኢማም ማሊክ፣ አሥ-ሠውሪይና ኢብኑ ዑየይነህ ተቀብለዋል። እንግዲህ በሰንሰለቱ ላይ «ዐብዱልከሪም ከሰዒድ ኢብኑ ጁበይር» የሚል ብቻ ቢገኝ ስሙም፣ ዘመኑም፣ መምህሩም አይለያቸውም።

አቡ ዳውድና አን-ነሳኢይ በዘገቡት፣ በዘመን መጨረሻ ፀጉራቸውን በጥቁር የሚያቀልሙ ሰዎች እንደሚመጡ በሚያስጠነቅቀው የኢብኑ ዐባስ ሐዲሥ ውስጥ የገጠመው ይኸው ነው። በ597 ዓ.ሂ. (1201 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢብኑል-ጀውዚይ «ዐብዱልከሪም» የተባለውን ኢብኑ አቢል-ሙኻሪቅ አድርገው ወሰዱትና ሐዲሡን በተቀጠፉ ዘገባዎች መጽሐፋቸው ውስጥ አስገቡት። አል-ሙንዚሪይ (656 ዓ.ሂ.) እና ከእርሳቸው በኋላ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒይ (852 ዓ.ሂ.) ግን ሰውየው ታማኙ አል-ጀዘሪይ መሆናቸውን አስረዱ። ለዚህም ከሚያግዙት ምልክቶች አንዱ ከዐብዱልከሪም የዘገቡት ዑበይዱላህ ኢብኑ ዐምር የረቃ፣ ማለትም የዚያው የጀዚራ ምድር ሰው መሆናቸው ነው። ከዘገባው መንገዶች በአንዳንዱም «አል-ጀዘሪይ» የሚለው መጠሪያ በግልጽ መጥቷል።

ነገሩን ልብ ብለን እንየው። የሐዲሡ ቃል አልተለወጠም። ሰንሰለቱም አልተለወጠም። የተለወጠው «ዐብዱልከሪም» ከሚለው ስም በስተጀርባ ያለው ሰው ማንነት ብቻ ነው። በዚህ ብቻ አንድ ዘገባ ከቅጥፈት መዝገብ ወጥቶ፣ ፀጉርን በጥቁር ስለ ማቅለም በሚደረገው የፊቅህ ክርክር ውስጥ ማስረጃ ሆኖ ቆመ። ስለዚህ በአማርኛ «ዐብዱልከሪም የተባለ ደካማ ዘጋቢ አለበት» ብሎ የሚያልፍ ማብራሪያ አንባቢውን ያሳወቀው ይመስላል እንጂ ከብይኑ በፊት ያለውን ሥራ ገና አልጀመረም።

በዚህ አጋጣሚ ኢብኑል-ጀውዚይ ራሳቸው በሞክሼነት ጣጣ ውስጥ የሚገኙ መሆናቸውን ማንሳት ይገባል። የባግዳዱ ኢብኑል-ጀውዚይና በ751 ዓ.ሂ. (1350 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የደማስቆው ኢብኑ ቀይዪም አል-ጀውዚየህ ሁለቱም ሐንበሊይ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል አለ። «አል-ጀውዚየህ» የመድረሳ ስም ነው፤ የኋለኛው ሊቅ አባት የዚያ መድረሳ ኀላፊ (ቀይዪም) ስለነበሩ ልጁ «የኀላፊው ልጅ» ተባሉ። መድረሳውን ያሠሩት ደግሞ የፊተኛው ሊቅ ልጅ ዩሱፍ ናቸው። «ኢብኑ ጀውዚይ» ብሎ አሳጥሮ መጻፍ ይህን ሁሉ ደምስሶ ሁለት ሊቃውንትን አንድ ያደርጋል።

አንድ ሰው፣ ብዙ ስም

የችግሩ ሌላ ገጽታም አለ፤ አንዱ ሰው በብዙ ስም ሲጠራ ብዙ ሰው መስሎ ይታያል። ሙሐመድ ኢብኑስ-ሳኢብ አል-ከልቢይ (146 ዓ.ሂ.) በዘገባ ረገድ ሊቃውንት የተዉት ሰው ነው። ይህ ሰው ከእርሱ በዘገቡ ሰዎች ዘንድ አንድ ቦታ «አቡን-ነድር»፣ ሌላ ቦታ «ሐማድ ኢብኑስ-ሳኢብ» ተብሎ ተጠርቷል። ከሁሉ የከፋው ግን ዐጢየህ አል-ዐውፊይ የሰጡት መጠሪያ ነው። ኢማም አሕመድ እንደ ደረሳቸው፣ ዐጢየህ ወደ አል-ከልቢይ እየሄዱ ተፍሲር ይወስዱ ነበር፤ ሲዘግቡም «አቡ ሰዒድ» ይሉት ነበር። ዐጢየህ ከታላቁ ሶሓባ ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይም ስለሚዘግቡ፣ ሰሚው ቃሉ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረባ ቃል ይመስለዋል። የአንድ የተተወ ዘጋቢ አስተያየት በአንዲት ኩንያ ወደ ሶሓባ ደረጃ ወጣ ማለት ነው።

አል-ኸጢብ ለሁለቱም ስሕተቶች፣ ማለትም ሁለቱን አንድ ለማድረግና አንዱን ሁለት ለማድረግ፣ ሌላ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፤ ርእሱም የማዋሐድና የመለያየት ግምቶችን ስለሚያብራራ ነው። በዚህ መጽሐፍ በአል-ቡኻሪይ የታሪክ መዝገብ ውስጥ ያገኟቸውን ሳይቀር አርመዋል። ያረሙት ግን በአክብሮት ነው፤ እርማቱ የቀደሙትን ለማሳነስ ሳይሆን ከእነርሱው በተገኘ ዕውቀት የተሠራ መሆኑን በመግቢያቸው አስቀድመዋል። በእኛ ዘንድ ሂስ እንደ ጠብ በሚታይበት ጊዜ ይህ አርአያነት ሊታወስ ይገባዋል።

መለያየት ማምለጫ ሲሆን

ሞክሼን ማወቅ ጥሩ ቢሆንም፣ ዕውቀቱ ራሱ አላግባብ ሊያገለግል ይችላል። ሙሐመድ ኢብኑ ጀሪር አጥ-ጦበሪይ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው የታላቁ ተፍሲርና የታሪክ መጽሐፍ ባለቤት፣ የአያታቸው ስም የዚድ፣ በ310 ዓ.ሂ. (923 እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ያረፉት ናቸው። ሁለተኛው የአያቱ ስም ሩስተም የሆነ የሺዓ ኢማሚያ ጸሐፊ ነው። ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ የአገራቸው መጠሪያ፣ ኩንያቸውም «አቡ ጀዕፈር» ተብሎ ይገጥማል።

ታላቁ ጦበሪይ በዉዱእ ጊዜ እግርን ማበስ ይበቃል ብለዋል የሚል ወሬ ሲነሳ፣ «ይህ የሌላው ጦበሪይ ቃል ነው» የሚል መልስ ተሰጥቷል። መልሱ ይማርካል፤ ታላቁን ሊቅ በአንድ ቃል ነጻ ያወጣልና። ኢብኑ ከሢር (774 ዓ.ሂ.) ይህን መልስ መዝግበዋል፤ ግን በእርሱ አልቆሙም። ወደ ራሱ ወደ ተፍሲሩ ተመልሰው፣ ጦበሪይ እግርን ማጠብን ግዴታ አድርገው ከእጥበቱ ጋር በእጅ ማሸትን እንደ ጨመሩ፣ ያን ማሸት «ማበስ» በሚል ቃል ስለ ገለጹት ብዙዎች ሐሳባቸውን እንዳልተረዱ አስረድተዋል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር ነው። «ሌላ ሞክሼ ነው» ማለት ማስረጃ ካልተደገፈ የማንወደውን ቃል ከምንወደው ሰው ማራቂያ ዘዴ ይሆናል። ማዋሐድ ስንፍና ሊሆን እንደሚችል ሁሉ መለያየትም ወገንተኝነት ሊሆን ይችላል። በአማርኛ የውይይት ጽሑፎች ውስጥ አልፎ አልፎ የሚታየው «ይህን ያሉት እርሳቸው ሳይሆኑ ሞክሼያቸው ናቸው» የሚል ያልተብራራ መልስ በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባል። ሞክሼው ማን ነው? አያቱ ማን ነው? ቃሉ በየትኛው መጽሐፉ ይገኛል? እነዚህ ካልተመለሱ መልሱ መልስ አይደለም።

የዘይለዕ ልጆች

እስካሁን ያየነው የባግዳድና የበስራ ጉዳይ ነው። ችግሩ ወደ አገራችን ታሪክ ሲመጣ ግን ይበልጥ ይነካናል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚጠፋው የራሳችን ሰው ነው።

በሐነፊይ መዝሀብ መጻሕፍት ውስጥ «አዝ-ዘይለዒይ» ሲባል ቢያንስ ሁለት ታላላቅ ሊቃውንት ይታሰባሉ። አንደኛው ፈኽሩዲን ዑሥማን ኢብኑ ዐሊይ ናቸው። በ705 ዓ.ሂ. ካይሮ ገብተው አስተማሩ፤ ከንዙድ-ደቃኢቅ ለተባለው የፊቅህ መጽሐፍ ተብዪኑል-ሐቃኢቅ የተባለውን ማብራሪያ ጻፉ፤ በ743 ዓ.ሂ. (1343 እ.ኤ.አ.) ዐረፉ። ሁለተኛው ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ፣ የፊተኛው ተማሪ ናቸው። አል-ሂዳያ የተባለው የፊቅህ መጽሐፍ የያዛቸውን ሐዲሦች ምንጭና ደረጃ የሚመረምረውን ነስቡር-ራያን ያዘጋጁት እርሳቸው ሲሆኑ ያረፉትም በ762 ዓ.ሂ. (1360 እ.ኤ.አ.) ነው። ሁለቱም ሐነፊይ፣ ሁለቱም የካይሮ ሰው፣ ሁለቱም ዘይለዒይ። አንዱ የፊቅህ፣ ሌላው የሐዲሥ ሰው ስለሆኑ ግን «ዘይለዒይ ሐዲሡን ደካማ ብለዋል» ሲባል እና «ዘይለዒይ ይህ አይፈቀድም ብለዋል» ሲባል የሚጠቀሰው ሰው ይለያያል። ይህን ሳይለዩ መጥቀስ የመምህሩን ሥራ ለተማሪው፣ የተማሪውንም ለመምህሩ መስጠት ነው።

ከዚህ የረቀቀ ጥያቄም አለ። በ749 ዓ.ሂ. (1349 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የመምሉክ መንግሥት ጸሐፊ ኢብኑ ፈድሊላህ አል-ዑመሪይ፣ መሳሊኩል-አብሷር በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ሐበሻ ሰባት የሙስሊም ግዛቶች የጻፉት ሐተታ ለኢፋት፣ ለደዋሮ፣ ለሀድያና ለባሌ ታሪክ ዋነኛ ምንጭ ነው። ከነገሯቸው ሰዎች አንዱ ሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒይ የተባሉ ፈቂህ ናቸው። እኚህ ፈቂህ የአማራው ንጉሥ መልእክተኛ ካይሮ በደረሰ ጊዜ፣ የግብጹ ፓትርያርክ በሐበሻ ሙስሊሞች ላይ የሚደርሰው በደል እንዲቆም ለንጉሡ እንዲጽፍ በሱልጣኑ ቤት ጥረት አድርገዋል። እንግዲህ ዐብዱላህ የሚባል፣ ዘይለዒይ የሆነ፣ በካይሮ የተገኘ፣ የፊቅህ ሰው የሆነ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ አካባቢ የኖረ ሰው አለን። የነስቡር-ራያ ባለቤትም እነዚህን ሁሉ ያሟላሉ።

ሁለቱን አንድ የማድረግ ፈተና ጠንካራ ነው። ታላቁ ሙሐዲሥ ለወገናቸው የተሟገቱ ዲፕሎማት ጭምር ነበሩ ማለት ልብን ይሞላል። ነገር ግን ልብ መሙላት ማስረጃ አይደለም። የአል-ዑመሪይ ሐተታ የፈቂሁን አባት ስም አይሰጠንም፤ ነስቡር-ራያንም አያነሳም። በሌላ በኩል ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒይ ስለ ጀማሉዲን ሲጽፉ ከፈኽሩዲን መማራቸውን፣ በሐዲሥ ምርምር ከአል-ዒራቂይ ጋር እየተጋገዙ መሥራታቸውን ይነግሩናል እንጂ ስለ መልእክቱ ጉዳይ አይናገሩም። ዐብዱላህ ደግሞ ከሙስሊም ስሞች ሁሉ የተለመደው ነው። «ዘይለዒይ» የሚለው መጠሪያም ቢሆን የአንድ ከተማ ሰውን ብቻ አያመለክትም፤ አል-ዑመሪይ ራሳቸው እንደሚሉት ዘይለዕ ከአገሩ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ሳለ በግብጽና በሻም ሰው ዘንድ የሰባቱም ግዛቶች መጠሪያ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ከኢፋትም ከባሌም የሄደ ሁሉ ካይሮ ላይ «ዘይለዒይ» ሊባል ይችላል። ስለዚህ በአል-ኸጢብ ሚዛን ትክክለኛው አቋም ሁለቱን በስም ብቻ አለማዋሐድ፣ ሁለት መሆናቸውንም እንደ ተረጋገጠ አለመናገር፣ እያንዳንዱን በራሱ ምንጭ መጥቀስ ነው።

«ጀበርቲይ» የሚለው መጠሪያም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ806 ዓ.ሂ. (1403 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የዘቢዱ ሱፊይ ኢስማዒል አል-ጀበርቲይ፣ በ1188 ዓ.ሂ. (1774 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የካይሮው ሐሰን አል-ጀበርቲይና ልጃቸው ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲይ (1753-1825 እ.ኤ.አ.) ሁሉም «ጀበርቲይ» ናቸው። ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን ደግሞ ከሐበሻ መጀመሪያ ወደ ግብጽ ከሄዱት፣ ዐብዱረሕማን ከተባሉት ሰባተኛ አያታቸው ጋር ሞክሼ ናቸው። «ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲይ ከጀበርት ምድር ወደ ካይሮ መጡ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአያቱ እውነት፣ ለልጅ ልጁ ሐሰት ነው።

የገዢዎቻችን ስምም ከዚህ አያመልጥም። በግዕዙ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የምናገኘው የ1332 እ.ኤ.አ. ሰብረዲንና አል-መቅሪዚይ የሚተርኩላቸው፣ በ825 ዓ.ሂ. (1422 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የሰዕዱዲን ልጅ ሰብሩዲን ዘጠና ዓመት ያህል ይራራቃሉ። የአባት ስም ሳይጨመር «ሰብሩዲን» ብቻ ብሎ መጻፍ የሁለት ትውልድ ታሪክ ማደባለቅ ነው።

ሞክሼ ሰዎችና ሞክሼ ፊደላት

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ከዐረብኛ የሚበልጥበትም የሚያንስበትም አለ።

የሚበልጥበት ፊደሉ አናባቢን ስለሚያሳይ ነው። ዐረብኛ ያለ ሐረካትና ያለ ነጥብ ሲጻፍ ቡስርና ቢሽር፣ ሒዛምና ሐራም፣ ዐቢደህና ዑበይደህ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ስለ እነዚህ መለያ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ተጽፏል። በፊደላችን ግን ሲጻፉ ወዲያው ይለያሉ። የሶሓባዎቹን የዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርንና የዐብዱላህ ኢብኑ ዐምርን ስም ለመለየት ዐረብኛ የማትነበብ ዋው ይጨምራል፤ አማርኛ ግን «ዑመር» እና «ዐምር» ብሎ በትክክል ከጻፈ ምንም ጭማሪ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ትክክለኛውን ንባብ ማወቁ ነው። የማያውቀውን ቃል አናባቢ ሳይሰጥ ሊያልፈው አይችልምና ፊደላችን ጸሐፊውን ያስገድደዋል፤ ይህም በረከት ነው።

የሚያንስበት ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ነው። ሶሓባው ዐብዱላህ ኢብኑ ሰላምና በ224 ዓ.ሂ. (838 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የቋንቋና የሐዲሥ ሊቅ አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ኢብኑ ሰላም በአማርኛ የአባታቸው ስም አንድ ሆኖ ይታያል። የፊተኛው «ላ» ይላላል፣ የኋለኛው ይጠብቃል። ይህን በግርጌ ወይም በቅንፍ «ይጠብቃል» ብሎ ማመልከት አንድ ቃል ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበን ግን በድምፅ አንድ የሆኑት ሆሄያት፣ ራሳቸው «ሞክሼ ፊደላት» የሚባሉት ጉዳይ ነው። ለአማርኛ አንደበት ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ ልዩነት የላቸውም፤ ስለዚህም ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ኖሯል። ለተራ የአማርኛ ጽሑፍ ክርክሩ ሌላ ነው። ለእኛ መስክ ግን እነዚህ ሆሄያት ትርፍ አይደሉም። የየመኑ የመልክዐ ምድር ሊቅ አል-ሐሰን አል-ሀምዳኒይና በ357 ዓ.ሂ. (968 እ.ኤ.አ.) የሞተው ገጣሚ አቡ ፊራስ አል-ሐምዳኒይ የሚለዩት በአንድ ሆሄ ነው፤ አንዱ ወደ ሀምዳን ጎሣ፣ ሌላው ወደ ሐምዳን ቤተሰብ ይጠጋል። በአፍ አንድ ናቸው፤ በጽሑፍ ግን ሀ እና ሐ ይለዩአቸዋል። ሞክሼ ሰዎችን የሚለዩልን ሞክሼ ፊደላት ናቸው ማለት ነው። ሆሄያቱን ያለ ሥርዓት እያፈራረቀ የሚጽፍ የኅትመት ልማድ የነበረንን መሣሪያ በገዛ እጁ ያደነዝዛል።

እንዲሁ የዐረብኛው «አል» ጉዳይ አለ። በ543 ዓ.ሂ. (1148 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የሴቪላው ማሊኪይ ቃዲ ኢብኑል-ዐረቢይና በ638 ዓ.ሂ. (1240 እ.ኤ.አ.) ደማስቆ ላይ ያረፉት ሱፊዩ ሙሕዪዲን ኢብኑ ዐረቢይ የሚለዩት፣ በምሥራቁ ሊቃውንት ልማድ፣ ከኋለኛው ስም «አል» በመነሣቱ ነው። አማርኛ ጽሑፍ «አል»ን ለማሳጠር ሲል ከሁሉም ሲያነሳ ማሊኪዩን ቃዲ የሱፊዩ ሐሳብ ባለቤት ያደርጋቸዋል። በአቋም ይህን ያህል የሚራራቁ ሁለት ሰዎች በአንዲት ቅጥያ መጥፋት አንድ ይሆናሉ።

ምን ይደረግ?

የመድረሳ ትምህርታችን ለዚህ የራሱ መፍትሔ ነበረው። የሻፊዒይ ፊቅህ የሚያቀራ ሸይኽ «ኢብኑ ሐጀር» ሲል ደረሳው የቱሕፋ ባለቤት ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚይን (974 ዓ.ሂ.) እንደሚል ያውቃል፤ ሐዲሥ ሲቀራ ያው ስም የፈትሑል-ባሪይን ባለቤት አል-ዐስቀላኒይን እንደሚያመለክት ያውቃል። የሚለየው ኪታቡ ራሱ ነው፤ በፊቱ ተዘርግቷልና። የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ አንባቢ ግን ያ ኪታብ በፊቱ የለም፤ የሚጠይቀው ሸይኽም አጠገቡ የለም። ስለዚህ በመድረሳ የሚበቃው አጭር መጠሪያ በኅትመት አይበቃም። በአንጻሩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶቻችን ከውጭ የወረሱት በመጨረሻ ስም የመጥቀስ ልማድም አይረዳንም፤ ሁለቱን ዘይለዒዮች አንድ የሚያደርገው እርሱ ነውና። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሰውን በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ መለየት ያደገበት ነው፤ የሐዲሥ ሊቃውንት ነሰብ ከሚሉት ጋር ይህ ልማድ በትክክል ይገጥማል።

ከዚህ ተነሥተን አራት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ አንድ ሊቅ በመጽሐፉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ ስሙ ከአባቱ ስም፣ ከመለያ መጠሪያውና ከዕረፍቱ ዓመት ጋር ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይቻላል። ሁለተኛ፣ ቃሉ ሲጠቀስ የመጽሐፉ ስም አብሮ ይጠቀስ፤ ሞክሼዎችን በቀላሉ የሚለየው ሥራቸው ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አሳታሚ ለዐረብኛ ሆሄያት አንድ ቋሚ የፊደል አጻጻፍ ይዞ በመጽሐፉ መግቢያ ያሳውቅ። አራተኛ፣ ማንነቱ በማስረጃ ያልተለየ ሰው ሲገጥም በምንጩ ላይ እንደ ተጻፈ ይተላለፍ እንጂ በግምት የታዋቂ ሰው ስም አይደረብበት።

እነዚህ ጥቃቅን የአርታኢ ሥራዎች ሊመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን ኢስናድ የዚህ ሃይማኖት ዕውቀት የቆመበት ምሰሶ ከሆነ፣ ኢስናድ ደግሞ ከስሞች ሌላ አይደለም። ስሙን ለማይገባው ሰው የሰጠ፣ ዕውቀቱንም አደራውንም ለማይገባው ሰው ሰጥቷል። ሊቃውንቱ አንድን ዐብዱልከሪም ከሌላው ዐብዱልከሪም ለመለየት ከከተማ ከተማ፣ ከመዝገብ መዝገብ የደከሙት ለዚህ ነበር። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ከዚያ ድካም የሚጠበቅብን ጥቂቱ ነው፤ እነርሱ የለዩትን መልሰን እንዳናደባልቅ መጠንቀቅ።